የተገለበጠው ሽርጥ

ልጄ «የሰው አካልና አሠራሩ» የሚባለውን ትምህርት በወደቀች ማግስት ሥራ ሠራሁ ለማለት አልችልም። የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ ፔዳል ስረግጥ ዋልኩ እንጂ ክሩ ማለቁን እንኳ አላየሁም። ባዶው መርፌ የደንበኛዬን ሱሪ ከወገቡ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ወጋግቶት ኖሯል።

ጭንቀታም ሴት ነኝ። ሰማይ ሲያጉረመርም ጣራው፣ ልጄ ስታስል ሳንባዋ፣ ስልክ ሲጠራ መርዶ ነው የሚታየኝ። ያን ጊዜ ግን የተጨነቅሁት ያለ ምክንያት አልነበረም። ልጄ የነርስነት ተማሪ ናት፣ ገና የመጀመሪያ ዓመት። የኮሌጁ ደንብ ደግሞ አጭር ነው። ይህን ትምህርት የወደቀ ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ድጋሚ ይፈተናል፤ ያኔም ከወደቀ ይሰናበታል። ሌላ በር የለም።

«ጽሑፉን አልፌዋለሁ እኮ እማ» አለችኝ፣ አልጋዋ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ። «የጣለኝ የተግባሩ ነው። የሰው ቅርጽ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡና እየጠቆሙ ይጠይቁሻል። ይሄ ምንድን ነው? የቀኝ ነው የግራ? እኔ ደግሞ ግራና ቀኙ ይጠፋብኛል።»

«ግራና ቀኝ? አንቺ? በሦስት ዓመትሽ ጫማሽን ሳታቀያይሪ ታደርጊ አልነበር?»

«የራሴማ መች ጠፋኝ! የሱ ነው የሚጠፋኝ። ፊቱን ወደኔ አድርጎ ነው የሚቆመው። የሱ ቀኝ በኔ ግራ በኩል ነው። እሱን አስቤ ሳልጨርስ ደወል ይደወልና ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ እለፊ እባላለሁ።»

ምን ብዬ ልርዳት? እኔ ራሴ ፊደል የቆጠርኩት ባለፈው ዓመት ነው። ቁጥርማ ድሮም አውቃለሁ፤ ሜትር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የሚውል ሰው ቁጥር ሳያውቅ አይኖርም። የደንበኞቼን ስም ግን መጻፍ ስለማልችል ሥዕል ነበር የምሥልላቸው። ልኬት የምይዝበት ደብተሬ ላይ አንዱ መነጽር ነው፣ አንዷ ጃንጥላ ናት፣ አንዱ ሽማግሌ ከነምርኩዛቸው አሉ። አሁን በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ የጎልማሶች ትምህርት እሄዳለሁ። መምህርታችን አንድ ቀን «ሁላችሁም ከቤታችሁ አንድ ቃል ይዛችሁ ኑ» አለችን። የሌሎቹ «ወንበር»፣ «ባልዲ»፣ «መስኮት» ነበር። እኔ ከልጄ መጽሐፍ ለቅሜ የሄድኩትን ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፤ «ቆሽት»።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አጠገቤ የሚቀመጠው የጥበቃ ሠራተኛ፣ እሱም እንደኔ ጀማሪ ነው፣ «እትዬ፣ ማን አሳረረብሽ?» አለኝ።

እኔም ሳቅሁ። ወደ ቤት ስሄድ ግን አሰብኩበት። ዕድሜዬን ሙሉ ቆሽቴ አረረ፣ ሐሞቴ ፈሰሰ፣ አንጀቴ ተላወሰ ስል ኖሬ የትኛው የት እንደሚቀመጥ አላውቅም ነበር።

ሐሳቡ የመጣልኝ ልጄ ስታጠና ሳያት ነው። መጽሐፉን ትከፍታለች፣ ጣቷን ሥዕሉ ላይ ታስቀምጣለች፣ ዓይኗን ጨፍና ታነበንባለች። ስትገልጠው ያው ጠፍቶባታል። ወረቀት ላይ ያለ ሰው ጠፍጣፋ ነዋ! እኔ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጠፍጣፋ ጨርቅ ወስጄ ሆድና ትከሻ ያለው ሰው ሳለብስ የኖርኩ ነኝ። ለምን አልሰፋላትም አልኩ።

ከአንገት እስከ ጭን የሚደርስ ወፍራም ነጭ ሽርጥ ቆረጥኩ። መጽሐፉን አጠገቤ ዘርግቼ፣ እያንዳንዱ የሆድ ዕቃ የሚያርፍበትን ቦታ እንደ ልማዴ በጨርቁ ውስጠኛ ፊት ላይ በጠመኔ ነደፍኩ። ለጉበት ቡናማ ከፋይ ነበረኝ። ለሳንባ ከአሮጌ ኮቶች የትከሻ ስፖንጅ ፈታሁ። የቀኙ ሳንባ ሦስት ክፍል፣ የግራው ሁለት ነው ይላል መጽሐፉ። ሦስትና ሁለት አድርጌ በሮዝ ሳቲን ሸፈንኳቸው። ትንሹ አንጀት ስድስት ሜትር ያህል ነው የሚለውን ሳነብ ሁለት ጊዜ ደገምኩት፣ የተሳሳትኩ መስሎኝ። ልኬት ላይ ቀልድ ስለማላውቅ ሜትሬን ዘርግቼ ልክ ስድስት ሜትር ቀጭን ቱቦ ሰፋሁ።

ከሱቄ ቀጥሎ ያለው ፀጉር ቆራጭ በበሩ አንገቱን አስገባ። የሰው ፀጉር ሲያሳምር ይዋል እንጂ የሱ ራስ ላይ አንድ ዘለላ የለም። ሰፈሩ በሙሉ «መላጣው» ነው የሚለው። እሱም አይከፋውም፤ «ሐኪም የግድ መታመም አለበት እንዴ?» ይላል።

«እትዬ፣ የማን መቀነት ነው ይሄ ሁሉ?»

«ያንተ አንጀት ነው።»

«የኔ? ይሄ ሁሉ?» ቱቦውን ጫፉን ይዞ እስከ በሩ ጎተተው። «ለካ ለዚህ ነው የማልጠግበው!»

ልብን የሰፋነው አብረን ነው። ልጄ እያነበበችልኝ እኔ እቆርጣለሁ። ልብ አራት ኪስ አለው፤ ሁለት በቀኝ፣ ሁለት በግራ። በላይኛውና በታችኛው ኪስ መካከል ያለው በር ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይከፈታል፣ ደሙ ወደ ኋላ እንዳይመለስ። ይህ ወዲያው ገባኝ። የኪስ ክዳን ማለት ነው፤ ወደ ውስጥ ሲገፉት ይገባል፣ ወደ ውጭ ሲስቡት ይዘጋል። ከሰውነት ተመልሶ ወደ ቀኙ ልብ ለሚገባው፣ ከዚያም ወደ ሳንባ ለሚሄደው ደም ሰማያዊ ክር ሰጠሁት። ከሳንባ ወደ ግራው ልብ፣ ከግራው ወደ መላ ሰውነት ለሚሄደው ቀይ።

«በግራ በኩል ያለው የታችኛው ኪስ ግድግዳው ወፍራም ነው ይላል» አለችኝ።

«ለምን?»

«ለምን እንደሆነማ...» መጽሐፉን ዘጋችውና ትንሽ አሰበች። «የቀኙ የሚገፋው እዚሁ አጠገቡ እስካለው ሳንባ ነው። የግራው ግን እስከ እግር ጣት መግፋት አለበት።»

«እንግዲያው ገበር ያስፈልገዋል» አልኩና ከብርድ ልብስ ቁራጭ ቆርጬ ከተትኩለት። ከወደቀች ወዲህ ያን ቀን ነው የሳቀችው።

በመጨረሻ በእያንዳንዱ ላይ ስሙን በጥቁር ክር ጠለፍኩ፣ ፊደል በፊደል፣ ከመጽሐፉ እያየሁ። «ጨጓራ» ብቻዋን አንድ ሙሉ ከሰዓት በላችብኝ። ሽርጡ ሲያልቅ ልጄ ግድግዳው ላይ ሰቀለችውና መጽሐፉን አጠገቡ ያዘች።

«እማ፣ መጽሐፉ ላይ ጉበቱ በዚህ በኩል ነው። ያንቺ በዚያ በኩል ሆነ።»

ልቤ ቀጥ አለ። እሷ ግን ወዲያው ፊቷ በራ። «ቆይ፣ ቆይ። መምህሩ ሁልጊዜ ሥዕሉን በሐሳባችሁ ገልብጡት ነው የሚለን። አንቺ ገልብጠሽ ሰፍተሽልኛል ማለት ነው! ቀኙ በኔ ቀኝ በኩል ሆነ። እንዴት ቀለለኝ!»

እኔ ምን አውቄ? እሷ ከቀለላት ለኔም ቀለለኝ። ዘጠኝ ቀን በዚያ ሽርጥ አጠናች። ዓይኗን ጨፍና የቱን ብጠራላት ጣቷ ሳይሳሳት ይደርስበታል። እኔም ከስንት ጊዜ በኋላ እንቅልፍ ተኛሁ።

ፈተናው አምስት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ «ሕያው ሰው ላይ ልሞክረው» አለች። መላጣውን ጠራነው። ሽርጡን አጥልቆ ሱቄ መካከል ደረቱን ነፍቶ ቆመ። ልጄ የእንጨት ማስመሪያዬን ይዛ ትጠቁማለች።

«ጉበት፣ በቀኝ። ከሥሩ ሐሞት ከረጢት፣ በቀኝ። ጨጓራ፣ በግራ...»

«ቆይ እስቲ ልጄ» አለ መላጣው። «ይሄ ቀኝ ያልሽው የኔ ግራ ነው እኮ።»

«አይደለም ጋሼ፣ እርስዎ ፊትዎን ወደኔ ስላደረጉ ነው።»

«ፊቴን ወደፈለግሁት ላድርግ፣ ግራ እጄ ግራ እጄ ነው!» እጁን አወዛወዘው። «ደግሞስ ሐሞት በዚህ በኩል ከሆነ እኔን ሐኪሞቹ የቀደዱኝ ምን ፍለጋ ነው?» ብሎ ሽርጡንም ሸሚዙንም አንድ ላይ ገለበ። የሐሞት ጠጠር ታሞ ሐሞት ከረጢቱን አውጥተውለታል፤ ወሬውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ጠባሳው ከጎድን አጥንቱ ሥር አግድም ተጋድሟል። በቀኝ በኩል።

ልጄ ጠባሳውን አየች፣ ማስመሪያውን አየች፣ እኔን አየች።

ሽርጡን ከአንገቱ ላይ መንጭቄ አወጣሁና ገለበጥኩት። የጠመኔዬ ምልክት አሁንም በጨርቁ ጀርባ ላይ ነበር። በጀርባው በኩል ሁሉም ነገር ልክ መጽሐፉ ላይ ባለበት ቦታ ነው። ዕቃዎቹን በሰፋሁበት በፊቱ በኩል ግን ሁሉም ዞሯል። ልብስ ሰፊ ጠመኔ የሚያስነካው በውስጥ በኩል ነው፣ የሚታየው ፊት እንዳይቆሽሽ። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ሠርቼ አንድም ቀን ተሳስቼ አላውቅም፤ ሸሚዝ ግራና ቀኙ እኩል ነዋ። ሰውም ከውጭ ሲታይ እንደዚያው ነው፤ ሁለት ትከሻ፣ ሁለት ክንድ፣ ሁለት ጉልበት። ውስጡ ግን ጉበቱን በአንድ ወገን፣ ጨጓራውን በሌላ ወገን ይዞ እንደሚዞር ማን ነግሮኝ?

«አምስት ቀን ነው የቀረኝ!» አለች ልጄ። ድምጿ ቀጥኖ ነበር። «አምስት ቀን እማ! ሰውየውን ከላይ እስከ ታች ገልብጬ ነው የያዝኩት!» መጽሐፉን ወለሉ ላይ ጣለችውና ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች።

ወንበሬ ላይ ዘፍ አልኩ። «ሐሞቴ ፈሰሰ» አልኩ፣ ሌላ የምለው ጠፍቶኝ።

«አንቺስ የሚፈስ አለሽ» አለ መላጣው፣ ሸሚዙን ወደ ሱሪው እየከተተ። «ኧረ ባክሽ እትዬ! የሰው ልብስ ተርትረሽ ታድሺ የለ? ሰውየውንም ተርትሪው!»

መተርተሩስ ቀላል ነው። የተሰፋ ይተረተራል። የልጄ ጭንቅላት ውስጥ የገባው እንዴት ይተረተራል? ቁጭ ብዬ ሱቄን አየሁ። ያልተጠናቀቀ ኮት ግድግዳው ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ተንጠልጥሏል። ሌላው ጠረጴዛው ላይ በአፍጢሙ ተኝቷል። የሁለቱንም የቀኝ እጅጌ አንድ ጊዜ እንኳ ሳላስብ አውቃለሁ። እንዴት ነው የማውቀው?

«ነይ ተነሺ» አልኳት።

«ተይኝ እማ።»

«ተነሺ አልኩ! ያንን የተንጠለጠለ ኮት እዪው። የቀኝ እጅጌው የቱ ነው?»

ዓይኗን ጠራርጋ አየችው። ጣቷን አነሣች፣ አወረደች፣ ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ። «ጀርባውን ስለሰጠ... ቢገለበጥ...»

«አትገልብጪ። ሐሳብሽን ተዪና ልበሺው። እኔ ኮት ሳይ በልቤ እለብሰዋለሁ፤ ትከሻዬን አስገባለሁ፣ ክንዴን እሰዳለሁ። ቀኝ ክንዴ የገባበት ቀኝ ነው። ቢሰቀል፣ ቢተኛ፣ ፊቱን ቢያዞር ምን ገዶኝ? ደንበኛ ስለካም ያው ነው። ልበሺው!»

ልጄ ወደ ኮቱ ዞረች። ትከሻዋን ትንሽ ሰበቀች፣ ቀኝ ክንዷን ወደ ኋላ ሰደደች። ከዚያ ሳታመነታ ሄዳ እጅጌውን ያዘችው። ልክ ነበር። የተኛውንም ያዘች፣ ልክ። መላጣው ጠረጴዛዬ ላይ በሆዱ ተኛና «እኔንስ?» አለ። ጀርባውን አየች፣ ትከሻዋን ሰበቀች፣ «ጉበትዎ እዚህ ነው» ብላ ጎኑን ነካችው።

«ቀዘቀዘኝ» አለ። «ግን ልክ ነው።»

ምላጬን አውጥቼ ሰጠኋት። «በይ አሁን ተርትሪ። የሰፋሁትን በሙሉ።»

እሷው ተረተረች፣ እሷው መልሳ ሰፋች። እኔ መርፌ ላይ ክር ከማስገባት በቀር አልነካሁትም። ሦስት ቀን ፈጀባት። አንዱን ክፍል በስፒል ከማያያዟ በፊት ሽርጡን በደረቷ ታጠልቃለች፣ የገዛ ጎኗን ትዳብሳለች፣ ከዚያ ታወልቀውና ትሰፋለች። ጣፊያን ከጨጓራ ኋላ በግራ፣ ሐሞት ከረጢትን ከጉበት ሥር በቀኝ። ኩላሊቶቹን በሽርጡ ጀርባ ሰፋቻቸው፣ የቀኙን ከግራው ትንሽ ዝቅ አድርጋ። «ጉበት ከላይ ስለተጫነው ነው» አለችኝ፣ ሳልጠይቃት። ስፌቷ ጠማማ ነበር። ጣቶቿ በሙሉ ተወጋግተዋል። አንድም ቃል ስለ ስፌቱ አልተናገርኩም፤ ለኔ ያ ቀላል አልነበረም።

የፈተናው ዕለት ሱቄን ለመላጣው አደራ ብዬ ተከተልኳት። ሽርጡን በከረጢት ይዣለሁ፤ ለምን እንደያዝኩት አላውቅም፣ ባዶ እጄን መሄድ ስለፈራሁ ነው። የኮሌጁ በር ላይ ዘበኛው ቀና ሲል ያ አብሮኝ የሚማረው ሰውዬ ነው።

«ግቢ እትዬ፣ ግቢ» አለኝ። «እዚህ ቆመሽ ቆሽትሽ ከሚያርር።»

ግቢው ውስጥ ካለች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ደወሉን ቆጠርኩ። በየሁለት ደቂቃው ይደወላል። አሥራ አምስት ጠረጴዛ፣ አሥራ አምስት ደወል። በእያንዳንዱ ደወል እኔ ብድግ እላለሁ፣ ቁጭ እላለሁ። አንዲት ተማሪ «እማማ፣ ደህና ነዎት?» አለችኝ። ደህና እንዳልሆንኩ ነገርኳት።

ልጄ ስትወጣ ፊቷ ቀልቷል።

«በሆዱ አስተኝተውት ነበር!» አለችኝ፣ ገና ሳትደርስ። «እማ፣ ጀርባው ተከፍቶ፣ ሁለቱ ኩላሊቶች ብቻ ይታያሉ። አንዱ ላይ ስፒል ተሰክቷል። የቱ ነው ይላል። ከፊቴ የነበረችው ልጅ እንደለመደችው ገለበጠችና ግራ ብላ ጻፈች፤ እስክሪብቶዋን ሳየው ነበር...»

«አንቺስ? አንቺስ?»

«ለበስኩት፤ ቀኝ ሆነ። ትከሻዬን ስሰብቅ ፈታኙ አየኝና ‹ምን ሆነሻል፣ ይበርድሻል?› አለኝ። ‹አይ መምህር፣ እየለበስኩት ነው› አልኩት። ‹ምኑን?› ‹ሰውየውን።›»

«ምን አለሽ?»

«‹በይ ቀጥዪ› አለኝ። ከዚያ መጨረሻ ላይ የቃል ጥያቄ አለ። ልብን አንሥቶ የግራው የታችኛው ክፍል ግድግዳ ለምን ወፈረ አለኝ። እኔ ቶሎ ብዬ ‹ገበር ስላለው› አልኩት!»

«ወይኔ ልጄን!»

«ቆይ እንጂ፣ አስተካከልኩት። ደሙ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ እስከ እግር ጣት ድረስ ነገርኩት።»

ውጤቱ ከሰዓት በኋላ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ድጋሚ የተፈተኑት በሙሉ ተሯሯጡ። ልጄ ግን ከወንበሩ አልተነሣችም።

«አንቺ እዪልኝ» አለችኝ።

«እኔ?»

«ታነቢ የለ እንዴ?»

ከልጆቹ መካከል በክርኔ እየገፋሁ ገባሁ። ወረቀቱ ላይ ስም የለም፤ የተማሪ ቁጥር፣ ነጥብ፣ ከዚያ አንድ ቃል። ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ቁጥሯ ነው። ዓይኔ ቶሎ አገኘው፣ ቁጥር የቆየ ወዳጄ ነው። ከጎኑ ዘጠና አንድ ይላል። ዘጠና አንድ ትልቅ ቁጥር ነው፤ ግን ስንት እንደሚበቃ እኔ የት አውቃለሁ? ቁጥርን አላመንኩም። ጣቴን ወረቀቱ ላይ አድርጌ ወደ ቃሉ ሄድኩ። ከኋላዬ ይገፉኛል። መምህርታችን እንዳስተማረችኝ ሳልቸኩል አንድ በአንድ ጠራኋቸው።

«አ... ል... ፋ... ለ... ች።»

አንድ ጊዜ ደገምኩት። ከዚያ ጮኽኩ። «አልፋለች! አልፋለች ይላል! ልጄ አልፋለች!»

አንድ ረጅም ልጅ «እማማ፣ የኔንም ያንብቡልኝ፣ እጅዎ ጥሩ ነው» አለኝ። አነበብኩለት፤ አልፏል። ሌላዋም አስነበበችኝ፤ አልፋለች። የአራት ሰው አነበብኩ። ልጄ ሮጣ መጥታ ስታቅፈኝ ከረጢቱ ከእጄ ወደቀና ሽርጡ ተዘረገፈ፣ ከነስድስት ሜትር አንጀቱ።

ፈታኙ ከቢሮው ሲወጣ ነው ያየው። አጎንብሶ አነሣው። የልቡን የኪስ ክዳን በጣቱ ገፋ፤ ገባ። ወደ ውጭ ሳበ፤ ተዘጋ። የታችኛውን የግራ ኪስ ጨመቅ አደረገና ልጄን አያት።

«ገበሩ ይሄ ነው?»

«አዎ መምህር።»

«ማን ነው የሰፋው?»

«መጀመሪያ እናቴ ናት፣ ኋላ እኔ ነኝ።»

«ለክፍሉ ብትተዉልን...»

«ይሄ የሷ ነው» አልኩት። ከየት እንደመጣልኝ እንጃ፣ አፌ አልተሳሰረም። «ለናንተ ሌላ እሰፋለሁ። ጠመኔውን በየት በኩል እንደማስነካ አሁን አውቄያለሁ።» ከዚያ ማንም ሳይጠይቀኝ የጠለፍኩትን እያንዳንዱን ስም ከላይ እስከ ታች አነበብኩለት። «ጨጓራ» ላይ ስደርስ ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

ሰፈር ስንደርስ መላጣው የሱቄ በር ላይ ቆሞ ነበር። ውጤቱን አልጠየቀንም። ፊታችንን ከሩቅ አየና ሸሚዙን ገልቦ ጠባሳውን አሳየን።

«ይሄ የየት በኩል ነው?»

«የቀኝ!» አልን፣ እኔና ልጄ እኩል። ግማሽ ራሱን የተላጨ ደንበኛው ምን ተፈጠረ ብሎ ከነፎጣው ወደ ጎዳናው ብቅ አለ።